ጠብቆ ወይስ ላልቶ

በቢቸና ከተማ ጋዜጣ ጮክ ብሎ በማንበብ እኔን የሚያህል ሰው አልነበረም። ይመካል የሚለኝ ካለ ይበል፤ እውነቱ ያው ነው። ከየኔታ እግር ሥር አንድ ቀን ሳልቀመጥ፣ የመንግሥት ትምህርት ቤት ደጃፍ ሳልረግጥ፣ ፊደልን ከሳሙና መጠቅለያና ከስኳር ጆንያ ላይ ለቅሜ ያወቅሁ ሰው ነኝ። ፊደል ስለይ ሀያ ዓመት አልፎኝ ነበር። በአንድ የእህል ነጋዴ መጋዘን ጤፍ ስሰፍር እውል ነበርና፣ ጆንያው ላይ የታተመውን የመጋዘኑ ጸሐፊ ሲያነበው ሰምቼ በቃሌ እይዛለሁ። ኋላ ብቻዬን ስሆን የሰማሁትን ድምፅ ከፊደሉ ጋር አንድ በአንድ አጋጥማለሁ። እንዲህ እያልኩ በአንድ ክረምት አንባቢ ሆንኩ። እንዲህ ያደረገ ሌላ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም፤ አልሰማሁምም።

ይህን የምጽፈው ግን ስለ አንዲት ቃል ነው። ሁለት ፊደል ናት። ዛሬ ሰማንያ ዓመት ተጠግቶኝ እንኳ ጋዜጣ ስገልጥ ያቺን ቃል ካየኋት ጣቴ ቆም ይላል። በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው በተሰበሰበበት ቦታ፣ ከኋላዬ አንድ ሰው ትንፋሹን ይዞ የቀረውን እንዳነብለት የሚጠብቅ ይመስለኛል። ዞር ስል ማንም የለም።

ነገሩ የሆነው በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን መጨረሻ ላይ ነው። ያኔ ዋናው ቤተ መጻሕፍት አዲስ አበባ ነበር፤ ደብረ ማርቆስ ቅርንጫፍ ነበረው። ቅርንጫፉ ደግሞ በየአውራጃው ከተማ የንባብ ክፍል ይከፍት ጀመር። ቢቸና ሲከፈት ለክፍሉ ኃላፊ ይፈለጋል ተባለ። ስምንተኛ ክፍል የጨረሱ ሁለት ጎረምሶች ቀረቡ፤ እኔም ከነጤፍ አቧራዬ ቀረብኩ። ከደብረ ማርቆስ የመጡት ፈታኝ ለሦስታችንም አንዳንድ ጋዜጣ ሰጡን። እነዚያ ልጆች እየተደናቀፉ አነበቡ። እኔ የፊት ገጹን ከላይ እስከ ታች በአንድ ትንፋሽ አወረድኩት። ፈታኙ ሳቁና «ቆይ፣ አየር ሳብ እንጂ» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የቢቸና ንባብ ክፍል ቁልፍ በኔ ኪስ ሆነ።

ቤተ መጻሕፍት ሲባል የዛሬ ሰው መጽሐፍ ብቻ ይመስለዋል። ሁለት ረጃጅም ጠረጴዛ፣ ስድስት አግዳሚ ወንበርና አንድ በባትሪ የሚሠራ ራዲዮ ነበረን። መጽሐፍ በካርድ ለአሥራ አምስት ቀን እናውሳለን። ጋዜጣ በጭነት መኪና ሳምንት ዘግይቶ ይደርሳል፤ ይድረስ እንጂ ለኛ ትኩስ ነበር። በገበያ ቀን በረንዳው ላይ ቆሜ ለማይችለው ሁሉ አነባለሁ። ከሥራ ሰዓት በኋላ ለአዋቂዎች ፊደል አስቆጥራለሁ፤ ሽማግሌ ሰው ሀ ሁ ሲል ማፈሩን ያስጣልኩት እኔ ነኝ። ከሌላ ጠቅላይ ግዛት ተመድበው የመጡ መምህራንና የጤና ጣቢያው ድሬሰር የሚፈልጉትን መጽሐፍ ይነግሩኛል፤ እኔ ለደብረ ማርቆስ እጽፋለሁ፤ ደብረ ማርቆስ ከሌለ አዲስ አበባ ይጠየቃል። በሬው የታመመበት ገበሬ እንኳ መጥቶ «እስቲ መጽሐፉ ምን ይላል?» ይለኝ ነበር። ደብዳቤ መጻፍና የመጣ ደብዳቤ ማንበብም ሥራችን ነበር፤ በነፃ። ደብረ ማርቆስ በላከው መመሪያ ላይ ይህ አገልግሎት ተጽፎ አልነበረም። የጨመርኩት እኔ ነኝ።

ሞጣ ገና የራሷ ክፍል አልነበራትም። ስለዚህ አንድ የእንጨት ሣጥን አሠራሁ፤ ብረት ማንጠልጠያ ያለው፣ ስድሳ መጽሐፍ የሚይዝ። በወር አንድ ጊዜ ሣጥኑን በእህል መኪና ላይ አስጭኜ፣ በደብረ ወርቅና በግንደወይን በኩል ሞጣ እወርዳለሁ። ክረምት ሲገባ መንገዱ ስለሚበላሽ በበቅሎ እሄዳለሁ። ማዘጋጃ ቤቱ አንዲት ክፍል ሰጥቶኝ ነበር፤ ሁለት ቀን እዚያ ተቀምጬ የተዋሰውን እቀበላለሁ፣ አዲስ አውሳለሁ፣ ደብዳቤ አነባለሁ።

ሴትዮዋ መጀመሪያ የመጡት በታኅሣሥ ወር ነው። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ቀጠን ያሉ፣ ስልሳ ዓመት ገደማ የሆናቸው ሰው ነበሩ። ያላቸው አንድ ወንድ ልጅ ነው፤ በሰኔ ወር ሰሊጥ ሊሠራ ሁመራ ወርዷል። ያን ጊዜ ከኛ አገር የማይወርድ ጎረምሳ አልነበረም፤ የሚመለሰው ግን የወረደውን ያህል አልነበረም፤ ንዳዱ ብዙ ሰው ይጨርስ ነበር። ሴትዮዋ ከመቀነታቸው አንድ የታጠፈ ወረቀት ፈትተው ሰጡኝ። ከሁመራ ተመላሽ ሰው እጅ በእጅ ያደረሰላቸው ነው። ልጃቸው መጻፍ ስለማይችል፣ እዚያ የተዋወቀው ጓደኛው ነው የጻፈው። ጓደኛውን አያውቁትም፤ አገሩም የት እንደሆነ አያውቁም።

ወረቀቱ ላይ ነጥብ የሚባል ነገር አልነበረም። ሁለት ነጥብ የለ፣ አራት ነጥብ የለ፤ ከዳር እስከ ዳር አንድ ወጥ ነው። እንዳለ ልጻፈው፤ በቃሌ ነው የማውቀው፦

«ይድረስ ለተከበሩ ለወንድሜ እናት እንደምን ሰንብተዋል እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ ልጅዎ ንዳድ ይዞት ሰባት ቀን ተኝቶ ነበር እናቴ ደኅና ሁኚ አለ እኔም ሰሊጡ ታጭዶ ሲያልቅ እቃውን ይዤ እመጣለሁ ታዛዥዎ»

ስምም የለበትም። እኔ እንደ ልማዴ በአንድ ትንፋሽ አወረድኩት። ንዳድ ይዞት ሰባት ቀን ተኝቶ ነበር፤ እናቴ ደኅና ሁኚ፤ አለ። «አለ»ን ጠበቅ አድርጌ ነው ያነበብኳት፤ አለ፣ በሕይወት አለ፣ እንደሚባለው። ሴትዮዋ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው «ተመስገን» አሉ። ወረቀቱን ተቀብለው ሳሙት። እኔንም ግንባሬን ሳሙኝ። እውነቱን ለመናገር በዚያ ቀን ከሞጣ እስከ ቢቸና ድረስ ደስ ብሎኝ ነው የሄድኩት። ተመልከቱ፣ አንድ ራሱን ያስተማረ ሰው በአንድ ትንፋሽ የእናት ሆድ ሲያሳርፍ።

በሚቀጥለው ወር ተመልሰው መጡ። ልጁም ጓደኛውም አልመጡም። «ልጄ፣ እስቲ ድገምልኝ» አሉኝ። ደገምኩላቸው። በየወሩ ይመጡ ጀመር። የሣጥኑን ቀን ከገበያ ቀን ይልቅ ያውቁታል። ተማሪዎቹ መጽሐፍ ሲመልሱ፣ የሞጣው ድሬሰር ጋዜጣ ሲያገላብጥ፣ እሳቸው አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ተራቸውን ይጠብቃሉ። ሳነብላቸው ከንፈራቸው ከኔ ጋር ይንቀሳቀሳል። ያቺ ቃል ስትደርስ ከኔ ቀድመው፣ ጠበቅ አድርገው «አለ» ይላሉ። ጥጥ ፈትለው ለልጃቸው ጋቢ አሠርተው ነበር፤ አንድ ቀን አምጥተው አሳዩኝ። የነፍስ አባታቸው በሚጸልዩበት ጊዜ ስሙን በሕያዋን እንዲጠሩላቸው እንዳደረጉም ነገሩኝ።

ወደ ሁመራ ሦስት ደብዳቤ ጻፍኩላቸው። አንዱንም የመለሰ የለም። እኔ ግን «መንገዱ ሩቅ ነው፣ እማማ፤ መልእክተኛው ረስቶት ይሆናል» እያልኩ አጽናናቸው ነበር። ደብዳቤው እንደሆነ አለ ይላል። በጽሑፍ የሰፈረ ነገር ይዞ የሚጠራጠር ሰው አይገባኝም ነበር። እንዲህ ሆኖ ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀረው።

ቢቸና ውስጥ ሁለት ዓይናቸው የጠፋ አንድ መሪጌታ ነበሩ። በጎልማሳነታቸው ቅኔ ያስተምሩ ነበር፤ ዓይናቸው ሲጠፋ ጉባኤውን ለደቀ መዝሙራቸው ለቀቁ። በየከሰዓቱ በትራቸውን እየጠቆሙ ወደ ንባብ ክፍሉ ይመጣሉ። ጋዜጣ አነብላቸዋለሁ። ከሁሉም አንባቢዎቼ እሳቸውን እወድ ነበር፤ ከሁሉም የሚያናድዱኝም እሳቸው ነበሩ። የቤተ ክህነት ሰው ንባብ ሲማር ድምፅ የት እንደሚነሳ፣ የት እንደሚወድቅ፣ የትኛው ፊደል እንደሚጠብቅና እንደሚላላ ዓመት ሙሉ ሲቀጣበት ይከርማል። እኔ ያን ሁሉ ዘልዬ ነው የመጣሁት፤ ጆንያ ላይ የሚጠብቅና የሚላላ የለም። መሪጌታም ይህን ያውቃሉ። ሳነብላቸው መሐል ላይ ያቆሙኝና «አንተ ስታነብ ከኋላ የሚያባርርህ ሰው አለ እንዴ?» ይሉኛል። አንድ ጊዜ ስለ ገብስ ዋጋ እያነበብኩ «ይበላል» የሚለውን አላልቼ ብል፣ «ገብሱ ማንን ነው የሚበላው?» ብለው ክፍሉን በሳቅ ሞሉት። እኔ ደግሞ በልቤ፣ እርስዎ ዓይን ቢኖርዎት እንኳ እንደኔ አይፈጥኑም፣ እል ነበር።

አንድ ከሰዓት ጋዜጣው አልደረሰም። ሥራ ፈትተን ተቀመጥን። እኔም ስለ ሞጣ ሥራዬ ማውራት ጀመርኩ። ሥራዬ ለሰው ፊደል ማስቆጠር ብቻ እንዳልሆነ፣ ድምፄን ለመስማት ብለው በየወሩ የሚመጡ እናት እንዳሉ፣ ንባቤ መድኃኒት እንደሆነላቸው ነገርኳቸው።  መሪጌታ «ደብዳቤው ምን ይላል?» ሲሉ፣ የማስታወስ ኃይሌን ላሳያቸው ብዬ ሳልገታ በቃሌ ወጣሁት።

«ድገመው» አሉኝ።

ደገምኩት። በትራቸውን ከጉልበታቸው ላይ አንስተው መሬት ላይ አስቀመጡ።

«የጻፈው ማን ነው?»

«ጓደኛው ነው፣ የኔታ። ሁመራ አብሮት የሚሠራ።»

«ሴትዮዋን ያውቃቸዋል?»

«የት አውቋቸው።»

«እንደምን ሰንብተዋል ብሎ ነው የጀመረው። ልጅዎ ብሎ ነው የቀጠለው። በወጉ አንቱ ብሏቸዋል።»

«አዎ፣ የኔታ።»

«ታዲያ መሐል ላይ ሁኚ የሚላቸው ማነው?»

ደብዳቤውን በልቤ እንደገና ከላይ ጀመርኩት።  በሩ ክፍት ነበር፤ መንገድ ላይ የሚያልፉ ሰዎች ድምፅ ይሰማል። ለማያውቃት ሴት፣ ያውም ለጓደኛው እናት፣ ሁኚ ብሎ የሚጽፍ የኛ አገር ሰው የለም። እናቱን ሁኚ የሚል ልጅ ነው።

«እስቲ አላላት» አሉኝ መሪጌታ።

«ምኗን?»

«አለን። ከፊቷ ካለው ጋር አያይዛት።»

ከአፌ ሲወጣ የኔ ድምፅ አልመስል አለኝ። ንዳድ ይዞት ሰባት ቀን ተኝቶ ነበር፤ እናቴ፣ ደኅና ሁኚ፣ አለ። ያንን ብሎ ነው ዝም ያለው። ጓደኛውም የሞተውን ሰው እቃ ይዤ እመጣለሁ ነው የሚለው።

መሪጌታ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉና «ነፍስ ይማር» አሉ፤ በጣም ቀስ ብለው።

ተከራከርኳቸው። የጻፈው ሰው ያልተማረ ነው፤ ሁኑን ሁኚ ብሎት ይሆናል፤ እኔ ራሴ ስንት ያልተማረ ሰው የጻፈው ደብዳቤ አይቻለሁ አልኩ። አልተቆጡም። «ይሆናል» አሉ። «እንዲህ ብለህ ራስህን ማስተኛት ትችላለህ። ለሴትዮዋ ስንት ጊዜ አነበብክላቸው?» አሉኝ። ከሀያ እንደማያንስ ነገርኳቸው። ከዚያ በትራቸውን በእግራቸው ፈልገው አነሱና ወጡ። በሩን ሲሻገሩ እጃቸውን አልያዝኩላቸውም። ዛሬ ድረስ ይቆጨኛል።

የወሩ ቀን ደረሰ። ሣጥኑን አስጭኜ መኪናው ላይ ወጣሁ። ሾፌሩ ወሬ ወዳድ ሰው ነበር፤ ሌላ ጊዜ እኔ ሳወራ እሱ ተራ አያገኝም። ደብረ ወርቅ ስንደርስ «ዛሬ ምላስህን ቢቸና ረሳኸው?» አለኝ። ግንደወይን ላይ ምሳ ቀርቦልኝ አልበላሁም። ጭንቀቴ ይህ ነው፦ ልጁ ሞቶ ከሆነ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ያለ ፍትሐት፣ ያለ ተዝካር፣ በእናቱ አፍ በሕያዋን ሲጠራ ከርሟል፤ በኔ ንባብ። ካልሞተ ደግሞ፣ የእናቱን ተስፋ ገድዬ ለሕያው ሰው ፍትሐት ላስፈታ ነው፤ እሱም በኔ ንባብ። የማርፍበት መሐል አጣሁ። ዝም ልበል ብዬም አስቤ ነበር። ዝም እንዳልል የከለከለኝ ደግነቴ አይደለም። በሚቀጥለው ጊዜ ያቺን ቃል ጠበቅ አድርጌ ማንበብ እንደማልችል ስላወቅሁ ነው። በመንገድ ላይ ሞከርኳት። አልወጣ አለችኝ።

ሴትዮዋ አግዳሚው ጫፍ ላይ ነበሩ። ተማሪዎቹን ቀስ ብዬ አስተናገድኩ፤ የማያስፈልግ መጽሐፍ አገላበጥኩ፤ ካርዶቹን ሁለት ጊዜ አስተካከልኩ። ሰው ሁሉ ሲያልቅ እሳቸው ወረቀታቸውን ይዘው ቀረቡ። ወረቀቱ መታጠፊያው ላይ ተበጥሶ ነበር፤ በጨርቅ ደግፈውት ነበር የሚይዙት።

«እማማ፣ ዛሬ በሌላ አነባበብ ላንብብልዎ» አልኳቸው።

«ደብዳቤ ሌላ አነባበብ አለው እንዴ?»

አለው አልኳቸው። ሁኚ የሚለውን አስረዳኋቸው፤ አለ የሚለውን አስረዳኋቸው። ከዚያ አላልቼ አነበብኩት። እንዲህ ያለ ነገር መርዶ ነው። መርዶ በማለዳ፣ ጎረቤትና ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ቀድሞ ነው የሚነገር። እኔ በእኩለ ቀን፣ በማዘጋጃ ቤት ክፍል፣ የመጽሐፍ ሣጥን ተደግፌ ነገርኳቸው። ይህንንም ያወቅሁት ከተናገርኩ በኋላ ነው።

አላለቀሱም። «ሁለቱንም አከታትለህ አንብብልኝ» አሉኝ። የጠበቀውን ለማንበብ ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፤ በሦስተኛው እንደምንም አወጣኋት። የላላውን ደገምኩ። ዓይናቸውን ከአፌ ላይ አላነሱም።

«እቃውን ራሱ ይዞ ለምን አይመጣም ብዬ ያኔውኑ አስቤ ነበር» አሉ።

«ታዲያ ለምን አልጠየቁኝም?»

«እንዲያ አምረህ ስታነብ በምን አፌ ላቋርጥህ?»

በሕይወቴ ብዙ ሰው ሰድቦኛል፤ ጤፍ ሰፋሪ ያለኝ አለ፣ ከተራራ የወረደ ያለኝ አለ። ምንም ሳይሰማኝ ነው ያለፈው። ይህ ግን ስድብ አልነበረም፤ ሴትዮዋ እያመሰገኑኝ ነበር። አጥንቴ ውስጥ የቀረው እሱ ነው።

«አንተስ የትኛው ነው ትላለህ?» አሉኝ በመጨረሻ።

ተሳስቻለሁ የሚል ቃል ከዚያ በፊት ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። «ላልቶ የሚነበበው ነው፣ እማማ። ያን ጊዜ ተሳስቻለሁ» አልኳቸው። ወረቀቱን አጥፈው መቀነታቸው ውስጥ ከተቱና «እንግዲያው ና፣ ለነፍስ አባቴ አንተው ንገርልኝ» አሉኝ።

ሣጥኑን ቆልፌ ተከተልኳቸው። የነፍስ አባታቸውን ከቤታቸው ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። ሁለት የሰፈሩ ሽማግሌዎችም አብረዋቸው ነበሩ። ቄሱ ደብዳቤውን ተቀብለው ወደ ብርሃኑ አዙረው ለራሳቸው አነበቡት፤ አንዴ፣ ከዚያ እንደገና። እኔ ያመለጠኝን ያገኙታል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር፤ የትኛው እንደሆነ በአንድ እይታ ይቆርጡታል ብዬ። «ሁለቱንም ይላል» አሉ። ሁኚ የሚለው ወደ ሞት እንደሚያደላ አልካዱም። ግን እሳቸውም እንደኔው፣ የጻፈው ሰው ወግ የማያውቅ ሊሆን ይችላል አሉ። «ለሕያው ሰው ፍትሐት አልፈታም። ሞቶም ከሆነ እስከ ዛሬ በሕያዋን ስጠራው ከርሜያለሁ። ሁለቱም ያስፈራኛል» አሉ።

ሽማግሌዎቹ መላ ፈለጉ። አንደኛው ወደኔ ዞረው «አንተ የመንግሥት ሰው ነህ። ደብዳቤውንም ከማንም ይልቅ የምታውቀው አንተ ነህ። ጽፈህ ስጠን፤ ማኅተምም አድርግበት። አባም በሱ ይፈታሉ» አሉኝ። ቄሱ እሺ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሴትዮዋ መሬት መሬት ያያሉ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን እንዴት ደስ ባለኝ። የከተማ ሽማግሌና ካህን ተሰብስበው የኔን ቃል ሲጠብቁ። ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ተመልሼ ወረቀትና ቀለም አወጣሁ። በጥሩ እጅ ጽሑፍ፣ አራት ነጥቡን በየቦታው እያስቀመጥኩ፣ ደብዳቤውን መርምሬ ሰውየው በሁመራ በንዳድ ማረፉን አረጋግጫለሁ ብዬ ጻፍኩ። የቤተ መጻሕፍቱን ክብ ማኅተም አውጥቼ መታሁበት። ያ ማኅተም የመጽሐፍ ፊተኛ ገጽ ላይ የሚመታ ነው፤ መጽሐፉ የማን እንደሆነ ለማሳወቅ። ሰው መሞቱን ለመመስከር የተሠራ አይደለም። ወረቀቱን ስሰጣቸው ቀለሙ ገና አልደረቀም ነበር፤ ሽማግሌው እፍ እያሉ ወሰዱት።

ወደ ቢቸና ስመለስ ለመሪጌታ ነገርኳቸው። «አረጋግጫለሁ ብለህ ጻፍክ?» አሉኝ። «ይመስላል ብለህ አልጻፍክም?» ይመስላል በሚል ቃል ቄሱ አይፈቱም ነበር አልኳቸው። ከዚያ ጋዜጣውን እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። ቀስ ብዬ አነበብኩ። በያንዳንዱ ቃል ላይ እቆም ነበር። ስለ ፍጥነቴ ከዚያ በኋላ ቀልደውብኝ አያውቁም፤ ቢቀልዱ በወደድኩ።

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ የጀመረኝ። ክፍሉ ጭር ሲል፣ ከሰዓት ላይ፣ ተማሪ ሳይገባ፣ ጀርባዬን ለአግዳሚዎቹ ሰጥቼ መጽሐፍ ስደረድር፣ አንድ ሰው ገብቶ የተቀመጠ ይመስለኛል። ደክሞት ከሩቅ መንገድ የመጣ ሰው። ስሙን በወረቀት ላይ ሊያይ የመጣ። መጀመሪያ ላይ የሞተው ነው፣ ያለ ፍትሐት ሁለት ዓመት ያቆየሁት ነው እል ነበር። እየቆየ ግን የሚያስፈራኝ ሌላው ሆነ፦ ያልሞተ ቢሆንስ? አንዳንድ ቀን የማላውቀው ጎረምሳ በሩ ላይ ሲቆም እሱ ነው እላለሁ፤ «መጽሐፍ መዋስ ፈልጌ ነበር» እስኪለኝ ድረስ።

ተዝካሩ በሚቀጥለው ወር ሆነ። የሞተበት ቀን ስለማይታወቅ ቄሱ ቀን መረጡላቸው። ሆን ብዬ ሣጥኑን ከዚያ ቀን ጋር አገጣጠምኩ፤ አለመሄድ አልቻልኩም። ደጃቸው ላይ ዳስ ተጥሏል። ካህናቱ በላይኛው በኩል ተቀምጠዋል። ሴትዮዋ ፀጉራቸውን ተላጭተው ነበር። ወደ ኋላ ልቀመጥ ስል ሽማግሌው አዩኝና እጄን ይዘው ከካህናቱ ቀጥሎ አስቀመጡኝ። ለአጠገባቸው ላሉት «ደብዳቤውን የመረመረው ይህ ነው፤ ማኅተም ያደረገልን» ብለው አስተዋወቁኝ። ሰዎቹ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው እጅ ነሱኝ። አንድ ደብተራ እንደኔ ያለ ሰው ለሞጣ እንዲመደብ ለደብረ ማርቆስ እንደሚጽፍ ነገረኝ። ጥግ ላይ፣ በገመድ ላይ፣ ያ ጋቢ ተንጠልጥሎ አየሁት፤ ለካህናቱ ሊሰጥ ነው።

ምግቡ ቀረበ፤ ጸሎቱ ተደረገ፤ ስሙ በሙታን ተጠራ። ስሙን ቄሱ ሲጠሩ ሁሉም «ነፍስ ይማር» አለ። እኔም አልኩ። ከዚያ ሴትዮዋ ጠላ እየቀዱ በየሰዉ ፊት ያልፉ ጀመር። እኔ ዘንድ ሲደርሱ ጎንበስ አሉ። ዋንጫዬን ሲሞሉ ካህናቱ እንዳይሰሙ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«የመጣ እንደሆነ ግን ምን እንለዋለን፣ ልጄ?» አሉኝ።

ጠላው ሞልቶ እጄ ላይ ፈሰሰ። እሳቸውም መልሴን ሳይጠብቁ ወደሚቀጥለው ሰው አለፉ።